የሚያጨሰው መምህር

ሲይዙኝ ሲጋራ እያጨስኩ ነበር። ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር ቆሜ ደወል እጠብቃለሁ። ተራ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡና አንደኛው ረጋ ብሎ «መምህር፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ እንሂድ» አለኝ። ሲጋራዬን እያሳየሁት «ልጨርሳት?» አልኩ። «ጨርሳት» አለ። ቆመው ጠበቁኝ። እየታሰርኩ እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያች ቅጽበት የማስታውሰው ግን ፊልተሩ ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ድረስ መሳቤን ነው።

ያሳሰረኝ በመምህራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጻፍኩት አስተያየት ነው። ዛሬ ቢነበብ ማንንም አያስቀይም፣ ማንንም አያስደስት። እዚያው ሀዋሳ ውስጥ ወዳለ አንድ ጣቢያ ወሰዱኝ። ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክር፣ ስልኬንና የሲጋራ ፓኮዬን ተቀበሉኝ። ስልኩን ስሰጥ ምንም አላልኩም። ፓኮውን ስሰጥ እጄ ዘገየ። ተቀባዩ ፖሊስ አይቶ ፈገግ አለ።

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ላብ፣ እርጥብ ፍራሽ፣ በረኪና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲጋራ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ፖሊሱ «መምህር ነው፣ ቦታ ስጡት» ብሎ ገፋ አደረገኝና በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ክፍሉ ረዘም ያለና ጠባብ ነበር፤ ፍራሽ ከፍራሽ ተነካክቶ ተደርድሯል። ያሉት በአብዛኛው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ ወጣቶች ናቸው። ከዳር፣ ብረት ካለባት አንዲት መስኮት ሥር፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። በመስኮቷ የሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያና ጣሪያው ላይ የሚቆም አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ትልቅ ወፍ ብቻ ነው። እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ከበሩ አጠገብ ቦታ አሳየኝ። «የመስኮቷን ቦታ ለአባባ ሰጥተናቸዋል» አለኝ። «ሳንባቸውን ያማቸዋል፤ አየር ያግኙ ብለን ነው።»

ሲጋራ ክልክል ነው። ይገባል ግን። እንዴት እንደሚገባ አልነግራችሁም፤ ዛሬም እዚያ ውስጥ የሚያጨሱ ሰዎች አሉ።

በዚያው ቀን ከቆጠራ በኋላ አንዱ ወጣት አንድ ፍሬ ሲጋራ ከፍራሹ ስፌት ውስጥ አወጣ። ጭሱ ወደ ኮሪደር እንዳይወጣ የሚጨሰው መስኮቷ ጋ ብቻ ነው። ልጁ ሽማግሌው አጠገብ ሄዶ ጎንበስ አለና «አባባ፣ ይቅርታ» አላቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አራት አምስት ሆነው በላያቸው ቆመው፣ ሲጋራዋን እየተቀባበሉ፣ ጭሱን በብረቱ መሀል ወደ ውጭ እፍ አሉት። ሲያልቅ «ጨርሰናል አባባ፣ እግዜር ይስጥልን» አሏቸው። ሽማግሌው ተመልሰው ዞሩ።

ምን ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው ብዬ ተገረምኩ። በእኛ ዘንድ ሰው በታላቁ ፊት አያጨስም። እኔ ራሴ አርባ ዓመት አልፎኝ እናቴን ልጠይቅ ወደ ሰሜን ስሄድ የማጨሰው ጓሮ ተደብቄ ነው። እናቴ ታውቃለች፤ እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ግን ጓሮ ነው። ስለዚህ በማግስቱ «ቲቸር፣ ና አንዴ ሳብ አድርግ» ሲሉኝ እኔም ተነስቼ «አባባ፣ ይቅርታ» አልኩ። እሳቸውም ለእኔ ሲሉ አንድ ጊዜ ዞሩልኝ። አንዳችንም ያላሰብነው ነገር ቢኖር ሰውየው ያዞሩት ዓይናቸውን መሆኑን ነው። አፍንጫቸው እዚያው ነው ያለው። በተከፈተው መስኮት ከሚወጣው ጭስ ይልቅ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ይበዛ ነበር።

በምሳ ሰዓት ጠያቂ ይመጣል። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፤ የተጠራው በፌስታል የተቋጠረ ስንቁን ተቀብሎ ይመለሳል። የእኔ ስም አልተጠራም። ቤተሰቦቼ ሩቅ ናቸው፤ ትዳሬ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ባልደረቦቼ ደግሞ ፈሩ። አልፈርድባቸውም። ትንሽ ግን ፈርጄባቸዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ስም ሲጠራ ጆሮዬን እሰጥ ነበር፤ ኋላ ላይ እንዳይታወቅብኝ የተኛሁ መምሰል ጀመርኩ። ጠያቂ የሌለው ሰው እስር ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው የሚታሰረው። ሲጋራ ለእኔ ሰው ነበረች። ስትቃጠል አብሮኝ የሆነ ነገር አለ፤ ስታልቅ ብቻዬን ነኝ።

ለሽማግሌው ሴት ልጃቸው በየቀኑ ምሳ ታመጣላቸዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆጮና ጎመን፣ ቅቤ የጠጣ። መጥታ በር ላይ ሰጥታ ትመለሳለች፤ አትታየንም። እሳቸው ሳህኑን ከፍተው ወደ እኔ ያያሉ።

«መምህር፣ ና ብላ።»

«አልራበኝም፣ አባባ።»

«ራበህ ወይ አላልኩም። ና ብላ ነው ያልኩ።»

አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፣ ግን ይቆርጣል። አብረን በላን። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም የእኔን አልጠየቁም። እኔ መምህር ነኝ፣ እሳቸው አባባ ናቸው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ይኼ ይበቃል።

አንድ ቀን ጠዋት ከአጠገባቸው ተቀምጬ ትንፋሻቸውን ሰማሁ። ሲያስገቡ አጭር ነው፤ ሲያስወጡ ግን ረጅም፣ ቀጭን ፉጨት አለው፤ መጨረሻው ላይ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ይገፉታል። ሁለት ቃል ይናገራሉ፣ ያርፋሉ፣ ሁለት ቃል ይናገራሉ።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሳንባን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ቧንቧው እየቀጠነ እየቀጠነ ይሄድና ጫፉ ላይ የወይን ዘለላ የሚመስሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ አየሩ ወደ ደም የሚገባው በእነሱ ግድግዳ ነው። ጭስ ለብዙ ዓመታት ሲመላለስባቸው ግድግዳቸው ይበጣጠሳል፤ ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች ጥቂት ትልልቅና ልል ከረጢቶች ይሆናሉ፤ አየር ይገባል፣ አልወጣም ይላል። ይኼን ሁሉ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። ደወል ሲደወል ጠመኔውን አራግፌ ታንከሩ ሥር ሄጄ አጨሳለሁ። አንድም ቀን እዚያ ሰሌዳው ላይ ያለው ሳንባ የሰው ነው ብዬ አላውቅም። ድምፁን የሰማሁት ያን ጠዋት ነው።

«አባባ፣ ያጨሱ ነበር?»

«እርሻ ልማት ሹፌር ነበርኩ» አሉ። አረፉ። «ሹፌር ሁሉ ያጨስ ነበር። ካቆምኩ ቆየሁ። ሐኪሙ የተበላሸው አይመለስም፣ የቀረህን ያዝ አለኝ። የቀረኝን ይዣለሁ።»

«ታዲያ ይኼ ጭስ እኮ ይጎዳዎታል። ለምን ይዞሩልናል?»

ሳቅ አሉ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደና ጠበቅኩ።

«አልዞርም ብል ያፍራሉ። ካፈሩ አያጨሱም። ካላጨሱ ይደባደባሉ። ልጆች ናቸው መምህር፤ እናታቸው ናፍቃቸዋለች። እኔ ትንሽ ትንፋሽ ይበቃኛል።»

ያን ቀን ሲጋራ ሲወጣ ራሴን አሞኛል ብዬ አልተነሳሁም። እውነትም አሞኝ ነበር። ሲጋራ ካላገኘሁ ከጆሮዬ ኋላ የሚጀምር ራስ ምታት አለብኝ፤ ላቤ ይመጣል፤ ሰው ሲያኝክ ድምፁ ያናድደኛል። ምሳ ላይ የካቦውን አስተኛኘክ ጠልቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጉዳዬን የያዘው መርማሪ አስጠራኝ። ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ይስባል፣ ደህና ነህ ወይ ይላል። ሁልጊዜም ከጥያቄው በፊት ጠረጴዛው ላይ አንድ ፓኮና ላይተር ያስቀምጣል። ውድ ሲጋራ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀኖች ተቀብዬው አጭሻለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስስብ ምላሴ ሲፈታ ለራሴ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን የባልደረባዬ ስም ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነው በሳል የዋጥኩት። ሳልም አንዳንዴ ይጠቅማል።

«በል፣ አንድ ውሰድ» አለኝ።

«አላጨስም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ከልቡ ሳቀ። እኔም በቦታው ብሆን እስቅ ነበር። «ነገ እንተያያለን» አለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩት። «እኛ ክፍል አንድ ሽማግሌ አሉ። መተንፈስ እያቃታቸው ነው። ሐኪም ይያቸው።»

«አንተ ደግሞ ሐኪም ሆንክ?»

«የባዮሎጂ መምህር ነኝ።»

«በል ሂድ እዚያው አስተምር» ብሎ መለሰኝ።

ከዚያ የነበሩት ቀኖች ጥሩ አልነበሩም። ማቆምን ደስ የሚል ነገር አድርጎ የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ አጭሶ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ሳሌ መቀነሱ ቀርቶ ባሰ፤ ሳንባ መጥረግ ሲጀምር እንደዚያ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ማወቄ ግን አልረዳኝም። ያ ወደ መስኮቷ የሚደረግ ጉዞ ቀረብኝ። ለአባባም ማቆሜን አልነገርኳቸውም፤ ራሴን አሞኛል እያልኩ ነው የቀረሁት። ልጆቹ የሚያወሩት፣ የሚሳሳቁት፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ የሚነካው እዚያ ነው። እኔ በሩ ጋ ሆኜ ጀርባቸውን አያለሁ። እንደዚያ ሰው መሀል ሆኜ ብቻዬን የቀረሁበት ጊዜ የለም።

ሽማግሌው የደከሙት ቀን ፀሐይ ነበረች። ምሳቸውን አልከፈቱም። ከንፈራቸው ወደ ሰማያዊ ሄደ፤ ዓይናቸው በሩን እያየ ትከሻቸው ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ወደ ላይ ይነሳል። ካቦው በሩን ደበደበ። እኛም ደበደብን። ያለ ምንም ትዕዛዝ ሁላችንም፣ የሚያጨሰውም የማያጨሰውም፣ በመዳፋችንና በጫማችን የበሩን ብረት መታነው። ፖሊሶቹ መጥተው በጋቢያቸው ተሸክመው አወጧቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ትንሽ አነሱ፤ ሰላምታ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። መርማሪው ነግሮላቸው ይሁን በር መደብደባችን ይሁን ያወጣቸው፣ ይኼንንም አላወቅኩም። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ።

ቦታው ባዶ ሆነ። ካቦው ዙሪያውን አየና «በዕድሜ አሁን ቲቸር ነው» አለ። ፍራሼን አንስቼ ወደ መስኮቷ ሄድኩ። አየሩ ጥሩ ነበር። አባ ኮዳው ጣሪያው ላይ ቆሞ ክንፉን ያራግፋል።

በማግስቱ ያው ልጅ ሲጋራውን ይዞ መጣ። እኔን ሲያይ ትንሽ ተወዛገበ፤ ከጥቂት ቀን በፊት አብሬው አጭስ የነበርኩ ሰው ነኝ። ግን አሁን የታላቅ ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ማጨስም ትቻለሁ። ጎንበስ አለ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ።»

«አልዞርም» አልኩት።

«እንዴ፣ ቲቸር?»

«አልዞርም። ማጨስ ከፈለግህ ፊቴ ላይ አጭስ።»

የምቀልድ መሰላቸው። ልጁ ላይተሩን ለኮሰ። እኔ ዓይን ዓይኑን አያለሁ፤ ክፉ ፊት አይደለም ያሳየሁት፣ ዝም ብዬ ነው ያየሁት። ሲጋራዋ አፉ ላይ፣ እሳቱ እጁ ላይ ሆኖ ቆመ። ከዚያ አጠፋው። «ተው እንጂ ቲቸር» አለ፤ የእውነት አዝኗል። ሌላው ሞከረ፤ እሱም አልቻለም። እነዚህ ልጆች ከፖሊስ ጋር የተሟገቱ፣ ማንንም የማይፈሩ ናቸው። በታላቅ ዓይን ፊት ግን ማጨስ አቃታቸው። አባባ ይኼን ኃይል በእጃቸው ይዘው አንድም ቀን አልተጠቀሙበትም። እኔ ተጠቀምኩበት። ምናልባት ከእሳቸው ያነስኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

መዘዙ ወዲያው መጣ። ከዚያ ወዲያ «ቲቸር ና ብላ» የሚለኝ ጠፋ። ማንም አልሰደበኝም፤ ማዕዱ ሲቀርብ ብቻ ጀርባቸውን ይሰጡኛል። ሲጋራውን ወደ ሽንት ቤቱ ጥግ ወሰዱት። አንዳቸውም በእኔ ምክንያት አላቆሙም፤ ይኼን ለማጋነን ምንም ምክንያት የለኝም። መስኮቷ ጋ ግን ማንም አላጨሰም። ከጣቢያው የሚሰጠኝን ዳቦ በሻይ እየነከርኩ ብቻዬን እበላለሁ። የዳቦው ጣዕም ተሰማኝ፤ ጨው የበዛበት ነው። ለካ ስንት ዘመን የምበላው ነገር ጣዕም አልነበረውም።

በዚያ ሰሞን ነው፣ በምሳ ሰዓት ስም ተጠርቶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ የማላውቀው ፖሊስ አንገቱን በበሩ አስገባ።

«የሚያጨሰው መምህር ማነው?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የመርማሪው ፈገግታ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ ፓኮውና ላይተሩ። እስካሁን ተስፋ አልቆረጠም ማለት ነው፣ አሁን ደግሞ በዚህ ስም ሊጠራኝ ነው አልኩ።

«እዚህ የሚያጨስ መምህር የለም» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ፖሊሱ ልጆቹን አየ። ካቦው፣ ተቀይሞኝ እያለ፣ «የለም» አለ። ያ ልጅም «የለም» አለ። ፖሊሱ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ደረቴ ተነፍቶ ዋለ።

ኋላ ያለ ብዙ ማብራሪያ ተለቀቅኩ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሁንም የምኖረው ታቦር ኮረብታ ላይ ነው፣ በኪራይ ቤት። ቀድሞ ዳገቱን ስወጣ ሁለት ሦስቴ ቆሜ ስልክ የማይ መስዬ አርፍ ነበር፤ አሁን ሳላርፍ እወጣዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም አንዲት ሳል አለችኝ፤ ይኼም የተበላሸው ነው፣ እኔም የቀረኝን ይዣለሁ። ባልደረቦቼ በእረፍት ሰዓት ታንከሩ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ሳቃቸው ይሰማኛል። አልሄድም። ማጨስ ማቆም የጤና ነገር ብቻ አይደለም፤ ሰው ማጣትንም ይጨምራል። ይኼን ለማቆም ለሚያስብ ሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ከዚያም አቁም እላለሁ።

ባለፈው የፍቼ ሰሞን፣ በሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ከተማው ሁሉ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሲጎርፍ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። የሰው ዘፈን ከሩቅ ይሰማል። ብቸኝነቱ ጠናብኝና ተነሳሁ። አባባ ቤታቸው ከታቦር ግርጌ፣ አጥሩ ላይ አቮካዶ የተንጠለጠለበት ነው ብለውኝ ነበር። ይኼን ያህል ጊዜ ያልሄድኩት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሞተዋል እንዳልባል ነው። ማቆሜን ልነግራቸው ፈለግሁ። ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

በሩን የከፈተችው ሴት ልጃቸው ናት። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ከአባቷ ጋር ታስሬ እንደነበር ስነግራት ውስጥ አስገባችኝና አስቀመጠችኝ። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፋቸው ተሰቅሏል፤ ገና ስገባ ገባኝ።

«ከሆስፒታል ቤት ከገባ በኋላ ብዙም አልቆየም» አለችኝ። «እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«መምህሩ።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ሆስፒታል ተኝቶ እያለ አንድ መምህር አለ አለኝ። ያጨሳል፣ ጠያቂ የለውም፣ የእኔን ምሳ ለእሱ አድርሺ አለኝ። ስሙን ብጠይቀው አያውቀውም። ሠርቼ ወሰድኩ። በሩ ላይ ‹የሚያጨሰው መምህር› ብዬ ነገርኳቸው፤ ሌላ ምን ልበል? ፖሊሱ ገብቶ ወጣና ‹እንደዚህ ያለ ሰው የለም› አለኝ። ወደ ሌላ ቦታ የወሰዱዎት መሰለኝ።» ፎቶግራፉን ቀና ብላ አየች። «ለአባቴ ግን በልቷል አልኩት። ጨረሰው ወይ አለኝ። ጨርሶታል አልኩት። ደስ ብሎት እንቅልፍ ወሰደው።»

ዝም ማለት እችል ነበር።

«የለም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«አቁሜ ነበር።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ማስታጠቢያ ይዛለች፤ እጄን አስታጠበችኝ። ቆጮና ጎመን አቀረበች፣ ቅቤ የጠጣ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ከፊቴ ተቀመጠች፤ አልበላችም፣ እኔን ነው የምታየው። ጨረስኩት።